መናፈሻው አለ፤ የሚመራን ሰውስ?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጋመስ አዲስ አበባ ሌላ ከተማ ትመስላለች። የእንጦጦ ጫፍ ታጥቦ ቀረብ ይላል፤ የየካ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በየገደሉ አፋፍና በየአጥሩ ሥር አደይ ትፈነዳለች። ጭቃው ደርቋል፤ አቧራው ገና አልተነሣም። ከመስከረም 26 አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ የሚዘልቀው መፀው ልጅ ይዞ ከቤት ለመውጣት የተሠራ ወቅት ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ማለዳው ላይ የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን የዚህን ወቅት ፀሐይ የመሰለ የለም።

ቤተሰቡም ይህን ያውቃል። እሑድ ከሰዓት ወደ ከተማችን መናፈሻዎች በር ጎራ ያለ ሰው የሚያየው ደስ ይላል። አባት ሕፃኑን እሽኮኮ አድርጎ፣ እናት ምሳ ዕቃና ውሃ አንጠልጥላ፣ አያት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጆች የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ፎቶ ይነሣሉ። ፏፏቴው ጋ ይነሣሉ፣ አበባው ጋ ይነሣሉ፣ ድልድዩ ላይ ይነሣሉ። ልጆቹ ሸርተቴና ዥዋዥዌ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ማኪያቶና ጁስ ይጠጣል፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ታክሲ ፍለጋ ይወጣል። ይህን አላጣጥልም። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ተዘግቶ ለሚውል ልጅ ሜዳ ላይ መሮጥ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ሥራ እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ እናት አንድ ከሰዓት በኋላ ሣር ላይ ተቀምጣ እፎይ ማለቷም እንዲሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ የቀረው ነው። ያ ቤተሰብ በብዙ ዛፍ ሥር አልፎ የአንዱንም ስም ሳያውቅ ይመለሳል። ልጁ ከራሱ በላይ ስትጮህ የሰማትን ወፍ «ምንድን ናት?» ብሎ ቢጠይቅ አባት «ወፍ ናት» ይለዋል። አባትየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እርሱም ከተማ ያደገ ነው፣ ለእርሱም የነገረው የለም። በመናፈሻው ውስጥ ደግሞ ትኬት የሚቆርጥ፣ ቦርሳ የሚፈትሽ፣ አበባ የሚያጠጣና የሚያጸዳ ሰው አለ። «ኑ፣ ተከተሉኝ፣ ላሳያችሁ» የሚል ሰው ግን የለም፤ ካለም እኛ ተራ ቤተሰቦች አናገኘውም።

ባለፉት ዓመታት የተሠራው ሥራ ትንሽ አይደለም። የአንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ለሕዝብ ተከፈተ። ወዳጅነት ፓርክ በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ በጳጉሜ ተመረቀ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም 30 ቀን ተከተለ። ከእነርሱ ቀደም ብሎ በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተመሠረተው የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል አለ፤ ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። ብሔረ ጽጌ፣ አምባሳደር፣ የካቲት 12፣ ሐምሌ 19፣ ፒኮክ እያልን ያደግንባቸው አሮጌ መናፈሻዎችም አሉ፤ ስንቱ ሙሽራ በብሔረ ጽጌ ዛፎች ሥር ፎቶ ተነሥቷል። ቦታ የለንም ማለት አንችልም። የጎደለው ቦታውን አፍ የሚሰጠው ሰው ነው።

ይህን በቅርብ ያየሁት በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ነው። የእህቴን ልጆች ይዤ ከከተማው መናፈሻዎች ወደ አንዱ ሄድኩ። ትልቋ አምስተኛ ክፍል ናት፤ ትንሹ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው። ዛፎቹ ላይ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ግማሾቹ ሰሌዳዎች ፀሐይ አንጥቷቸው አይነበቡም፣ የሚነበቡት ደግሞ የላቲን ስም ብቻ ይዘዋል። ልጅቷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ልታነብ ሞከረችና «ይሄ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ከመንገዱ ወጥተው ዛፉን ሊነኩ ሲሉ ጥበቃው ከወዲያ ተጣሩ፤ «ሣሩን አትርገጡ ልጆች!» ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጋቢያቸውን በዩኒፎርማቸው ላይ የደረቡ ሰው ናቸው። ልጆቹ ደንግጠው ተመለሱ። ትንሹ ግን ዝም አላለም፤ «ጋሼ፣ ይሄ ዛፍ ማን ነው ስሙ?» አላቸው።

ሰውዬው ፊታቸው ተፈታ። ጠጋ ብለው ከዛፉ አንዲት ቅጠል ቀነጠሱና በመዳፋቸው ላይ አደረጉለት። «በላይ በኩል ምን ትመስላለች?» አሉት። «አረንጓዴ» አለ። «ገልብጣት እስቲ» አሉት። ገለበጣት። ከሥር በኩል ቅጠሏ ወርቅማ ቡናማ ናት። «ወይራ ናት በላታ! በሰባት ዛፍ መሀል ብትሆን በጀርባዋ ትለያታለህ።» ቀጥለውም እናታቸው የወተቱን ቅል በወይራ ጭስ ሲያጥኑ ቤቱ እንዴት ይሸት እንደነበር፣ የጠላው ጋን ሳይታጠን እንደማይጠነሰስ፣ የሞፈርና የዱላ እንጨት ከየት እንደሚመረጥ ነገሯቸው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ዛፍ ወሰዷቸውና መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ አስለቀሟቸው። ከአንዱ ዛፍ ሥር የተለቀመው እንደ ትንሽ ዘቢብ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ጥቁር ነው፤ ያ የአገራችን ጥድ ነው። ከወዲያኛው ሥር የተለቀመው ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ሲሰነጠቅ የሚከፈት ድቡልቡል እንጨት ነው፤ ያ የፈረንጅ ጥድ ነው። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ፍሬያቸውን የያዘ ልጅ ግን ዳግመኛ አይስታቸውም።

«የት ተማሩት?» አልኳቸው። «ምን ትምህርት አለው እህቴ፤ መንዝ ነው ያደግሁት፣ ከብት እጠብቅ ነበር» አሉኝ። ከዚያ አለቃቸው ከሩቅ ስላዩዋቸው ወደ በራቸው ተመለሱ። የቅጥር ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ሣር እንዲያስጠብቁ ነው፤ የሚያውቁትን እንዲናገሩ የሚፈቅድ መስመር የለበትም።

የእህቴ ልጆች ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሄዱበት ቅጠል እየገለበጡ ያያሉ። ትልቋ በትምህርት ቤታቸው ግቢ ውስጥ ወይራ እንዳለ ለመምህሯ ነግራ መምህሯም እንዳላወቀች አጫውታኛለች። የአንድ ሰው የሩብ ሰዓት ጨዋታ ይህን ያህል ከሠራ፣ በታሰበበት፣ በታቀደና በየሳምንቱ በሚካሄድ ጉዞ ምን ይሠራ ነበር?

አንድ ጥሩ መሪ በዚህ ወቅት ሃያ ሰው ይዞ ጉለሌ ወይም እንጦጦ ላይ ሁለት ሰዓት ቢጓዝ የሚያሳየው አያጣም። ከወፎቹ ብንጀምር፣ ሁላችንም የመስቀል ወፍ እንላለን፤ ከስንት አንዴ ብቅ የሚለውን ወዳጃችንንም በእርሷ ስም እንጠራዋለን። ብዙዎቻችን ወፏ ለመስቀል መጥታ ከዚያ ወደ ሌላ አገር የምትሄድ ይመስለናል። የመስቀል ወፍ እየተባሉ ከሚጠሩት መካከል ግን ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን የሚኖሩ አሉ። በክረምቱ ማብቂያ፣ በመራቢያ ወቅታቸው፣ ወንዶቹ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ደማቅ ላባ ያወጣሉ፤ በረጅሙ ሣር አናት ላይ እየተንሳፈፉ ለሴቶቹ ይታያሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ያን ላባ ይጥሉና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ሆነው ከሌላው የእህል ወፍ ጋር ይቀላቀላሉ። ሄደው ሳይሆን ልብሳቸውን ቀይረው ነው የጠፉን። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ልጅ በጥር ወር በየማሳው ዳር የሚርመሰመሱትን ቡናማ ወፎች አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

በእውነት ከሩቅ የሚመጡም አሉ። በመስከረም አውሮፓና እስያ መቀዝቀዝ ሲጀምሩ ብዙ ወፎች ወደ እኛ ይወርዳሉ። ቢጫ ሆድ ያላት፣ ጅራቷን ላይ ታች የምታወዛውዝ ትንሽ ወፍ ከከብቶች እግር ሥር እየተሯሯጠች ዝንብና ትንኝ ስትለቅም ያላየ የለም፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ከእኛ ጋር ቆይታ ትመለሳለች። ከዚህ ተነሥቶ ለልጅ ስለ ወቅቶች፣ ስለ ምድር መዞር፣ ስለ አህጉራት መንገር ይቻላል፤ ካርታ ላይ በጣት ከማሳየት ይልቅ ወፏን አይቶ መጠየቅ ይቀድማል። ማለዳና ማታ በከተማው ሰማይ ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ትልቁ ወፍ ደግሞ አለ፤ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ፣ ጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት። በየመናፈሻው ሣር ላይ በቡድን ሆኖ አፈሩን እየጫረ ትል ሲለቅም ይውላል። ይህ ወፍ በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች እንጂ በሌላ አገር አይገኝም። ሰው ከሩቅ አገር ገንዘብ ከፍሎ ሊያየው ይመጣል፤ የእኛ ልጆች በድንጋይ ያባርሩታል። ማንም ስላልነገራቸው ነው።

ኮሶም አለ። የኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት አለው፤ አበባው በየዛፉ ለየብቻ ነው። የሴቴዋ አበባ ዘለላ ወደ ቀይ ይወስዳታል፣ ቁልቁል ትንጠለጠላለች፤ አያቶቻችን ለትል መድኃኒት አድርገው ይጠጡት የነበረው ይህንን ነው። አያት አብረው የመጡ እንደሆነ መሪው ዝም ብሎ እርሳቸው ሊናገሩ ይችላሉ፤ ኮሶ የጠጡበትን ቀን የማያስታውስ አዛውንት የለም። ሳማ ሲለበልብ ምን ዓይነት ቅጠል እንደሚታሽበት፣ ዳማ ከሴ ለምች እንዴት እንደሚጨመቅ፣ እንጆሪ በየትኛው ቁጥቋጦ እንደሚበስል የሚነግሩም እርሳቸው ናቸው። የቤተሰብ ጉዞ የምለው ይህን ነው። ልጁ ሸርተቴ ላይ፣ አባት ስልኩ ላይ፣ አያት አግዳሚ ወንበር ላይ ተለያይተው የሚውሉበት መናፈሻ ሦስቱን ትውልድ አንድ ዛፍ ሥር የማቆም ዕድሉን አልተጠቀመበትም።

ቀድሞ መሪ አልነበረንም ማለት አይደለም። መሪው ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እህት፣ የጎረቤት ልጅ ነበር። በጎጃም ልጃገረዶች ለእንግጫ ነቀላ ሲወጡ ትናንሾቹን ይዘው ይወጡ ነበር፤ የትኛው መስክ ላይ ምን እንደሚበቅል የሚታወቀው በዚያ ነው። አበባየሆሽ የምትል ሴት ልጅ አደይዋን ከየት እንደምትቀጥፍ ማወቅ ነበረባት። በመስከረም ማገባደጃ ኢሬቻ ሲደርስ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ሕዝብ ልጆቹን አስከትሎ ነው፤ ከክረምት በሰላም ላወጣው ፈጣሪ ያመሰግናል። ይህ ሁሉ በክረምት መውጫና በመፀው መባቻ ላይ ከቤት የመውጣት ሥርዓታችን ነው። ከተማው ሲሰፋ ግን አደይ ከአስፋልት ዳር በገንዘብ የምትገዛ፣ ቄጤማ በፌስታል የሚመጣ ሆነ። እረኝነቱም ቀረ። እረኛ ልጅ ያውቀው የነበረውን የሚተካ ነገር ግን አላዘጋጀንም፤ ከእረኝነት ወደ ቴሌቪዥን በአንድ እርምጃ ተሻገርን።

ወደ አሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችን ይህን በሌላ መልክ አግኝተውታል። በዋሽንግተን ከተማ መሀል ሮክ ክሪክ የሚባል ትልቅ መናፈሻ አለ፤ በ1890 እ.ኤ.አ. በሕግ የተከለለ ነው። በዚያ ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በመናፈሻው ውስጥ የተፈጥሮ ማዕከል አለ፤ ባርኔጣ ያደረጉ የፓርኩ ሠራተኞች ቤተሰቦችን ሰብስበው በእግር ያስጎበኛሉ፣ ቅጠሉ ለምን ቢጫና ቀይ እንደሚሆን ይነግራሉ፤ ማዕከሉ ውስጥ ከዋክብት የሚታዩበት አዳራሽም አለ። በአገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች ልጆች ትንሽ የሥራ ደብተር ይሰጣቸዋል። ዱካ ይፈልጋሉ፣ ቅጠል ይሥላሉ፣ ለሠራተኛው ጥያቄ ያቀርባሉ። ሲጨርሱ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ፓርኩን ለመጠበቅ ቃል ይገባሉ፤ ሠራተኛውም ደረታቸው ላይ ባጅ ያደርግላቸዋል። አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር በፌዴራል መንግሥቱ ፓርኮች በነጻ የሚገባበት ፈቃድ ያገኛል።

እዚያ የሚያድጉ የዘመዶቻችን ልጆች ለዕረፍት ሲመጡ ይህን ልማድ ይዘው ይመጣሉ። መናፈሻ በር ላይ እንደደረሱ «አስጎብኚው የት ነው?» ይላሉ። ወላጆቻቸው መልስ ያጣሉ። የአሜሪካን መናፈሻ እዚህ እንትከል እያልኩ አይደለም፤ አገራቸው ሀብታም ነው፣ ሥርዓታቸውም ከመቶ ዓመት በላይ የተገነባ ነው። ያ የሥራ ደብተር ግን ጥቂት ገጽ ወረቀት ነው፤ ባጁም ከቆርቆሮ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። ውድ የሆነው በሰዓቱ ተገኝቶ ልጆቹን የሚጠብቀው ሰው ነው። ሰው ደግሞ በእኛ አገር ሞልቷል።

ዕውቀቱም አለን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ያለው ብሔራዊ የዕፀዋት ሙዚየም ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከየአገሩ ዳርቻ የተሰበሰቡ ደረቅ ናሙናዎችን ይዟል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት በስምንት ቅጾች ተጽፈዋል፤ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የተመራ የብዙ ባለሙያዎች ሥራ ነው። በሁለቱ አገሮች ወደ 6,000 የሚጠጉ ከፍተኛ ዕፀዋት እንደሚገኙ፣ ከእነዚህም ከአሥሩ አንዱ ያህል በሌላ አገር እንደማይበቅል የታወቀው በእነርሱ ጥረት ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ራሳቸው ጉለሌን መርተውታል። ፕሮፌሰር ለገሰ ነጋሽ በአገር በቀል ዛፎች ማባዛት ላይ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ ስለ ወፎቻችን የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ ተቋም ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ በባለሙያዎች መካከል ሲዘዋወር ይኖራል። ከመጽሐፉ እስከ አምስተኛ ክፍሏ ልጅ ጆሮ ያለውን ክፍተት የሚሞላ ድልድይ ያስፈልጋል፤ ድልድዩም መሪው ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ፣ በደን ሳይንስ፣ በቱሪዝም ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች በየሰፈራችን አሉ። የሰፈሬን አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ በደን ሳይንስ ተመርቆ ስልክ ቤት ካርድ ይሸጣል። አስፋልት ዳር ስንሄድ የዛፎችን ስም ሲጠራ ገርሞኝ «ለምን አታስጎበኝም?» አልኩት። «ማን ቀጥሮኝ?» አለኝ። ልክ ነው። መናፈሻዎቻችን የቀጠሩት ለማስዋብና ለማስጠበቅ ነው። የአንድ ወር ሥልጠና ቢሰጠው፣ ቅዳሜና እሑድ ከትኬቱ ሽያጭ የሚከፈለው ቢሆን፣ ይህ ወጣት የሃያ ቤተሰብ ልጆችን ዓይን ይከፍታል።

በእንጦጦ ዳገት ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴቶችም አሉ። ለዘመናት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም ተሸክመው ሲወርዱ አይተናቸዋል፤ ብዙ የተጻፈላቸው፣ ጥቂት የተደረገላቸው ሴቶች ናቸው። አንዳንዶቹ እንጨቱን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ነጠላና ሻርፕ ይሸምናሉ። በዚያ ተራራ ላይ ምንጩ የት እንደሚመነጭ፣ ድኩላ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ጅብ የሚያድርበት ዋሻ የቱ እንደሆነ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ልምዳቸው በመናፈሻው ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ በጽዳት ሥራ ብቻ ሳይሆን ፊት ፊት እየሄዱ በመምራት። አንዲት እናት ስለ ተራራው ስትናገር አንድ ሰዓት የሰማ ልጅ በማግስቱ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ሲያይ በሌላ ዓይን እንደሚያያት አልጠራጠርም።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የችግኙ ነገር ነው። በሐምሌ እንወጣለን። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን አገሩ በሙሉ አካፋና ዶማ ይዞ የወጣበትን ቀን የማያስታውስ የለም፤ ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ትምህርት ቤቶች፣ መሥሪያ ቤቶች፣ ቤተሰቦች እየወጡ ይተክላሉ። ልጆች ጭቃ በጭቃ ሆነው ችግኛቸውን ሲያቆሙ ማየት ያስደስታል። ከዚያስ? ዝናብ የሚያቆመው በመስከረም ነው። ችግኙ የሚሞተው ወይም የሚጸድቀው ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ፍየል የሚበላው፣ ሣር የሚያንቀው፣ ጥም የሚገድለው በመፀውና በበጋ ነው። በሐምሌ ያስተከልነውን ልጅ በጥቅምት መልሰን «ያንተ ችግኝ የት አለ?» ብለን የምንወስድበት ቀን ግን በመርሐ ግብራችን ውስጥ የለም። አንድ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር በጥቅምት ወደተከሉበት ቦታ ቢመለሱ፣ የጸደቀውን ቢቆጥሩ፣ የደረቀውን ለምን እንደደረቀ ቢጠይቁ፣ ዙሪያውን ቢኮተኩቱ፣ ውሃ ቢያጠጡ፣ ይህ ከማንኛውም የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይበልጣል። የደረቀ ችግኝ ያየ ልጅ ያዝናል፤ ይዘን፣ ይህ ኀዘን ጥሩ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ጉድጓዱን አጥልቆ የሚቆፍረው እርሱ ነው።

ከከተማው ትንሽ ራቅ ለማለት ለሚችሉ ደግሞ ሱባ አለ። የመናገሻ ሱባ ደን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኝ ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ዝግባው፣ ጥዱ፣ ኮሶው፣ ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ አስታው አለ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላም በጥላው ውስጥ ቆሞ ያያችኋል። በክፍለ ከተማው ወይም በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በዓመት አንድ ጊዜ የአንድ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ቢሄድ፣ ወደ ስድስት መቶ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ያለው የዛፍ ተከላ ምን እንደሚመስል ልጆች በገዛ አንገታቸው ቀና ብለው ያዩታል።

ወጪ ነው የሚለውን እሰማለሁ። እውነት ነው፤ አራት ልጆች ላሏት እናት የታክሲና የመግቢያ ሒሳብ የሳምንት አስቤዛዋን ይነካል። ለዚህም ነው መሪው በየትኬቱ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ ክፍያ መሆን የሌለበት። አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ቢመራ የሚከፈለው በየመንገዱ ዳር ለአንድ ወቅት ተተክሎ ከሚነቀል የአበባ ሥራ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ለሕፃናት የሚሆን መጸዳጃ፣ ለአረጋውያን በየመንገዱ ማረፊያ፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መንገድ የማይታሰብበት ጉዞም ለሁሉም የሚሆን አይሆንም፤ ቤተሰብ ማለት እነዚህ ሁሉ ናቸው።

የእኛም ድርሻ አለ። ብዙዎቻችን ወላጆች መናፈሻ ስንገባ ልጆቻችንን ለሸርተቴው አስረክበን ስልካችንን እንከፍታለን። ልጅ ሲጠይቅ «እረፍ እስቲ» እንላለን። ስም ባናውቅ እንኳ ጎንበስ ብለን አብረን መመልከት፣ ቅጠሉን መገልበጥ፣ «እንጠይቃለን» ማለት ይቻላል። አያቱን ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ያ ጥበቃ ሰውዬ ደስ ያላቸው ሰው ስለጠየቃቸው ነው።

ጥቅምትና ኅዳር ገና ብዙ ቅዳሜዎች አሏቸው። መናፈሻ የሚያስተዳድሩ ወገኖች በበራቸው ላይ አንድ ወረቀት ይለጥፉ፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ እዚህ በር ላይ፣ በአማርኛ፤ እሑድ በዚያው ሰዓት በአፋን ኦሮሞ፤ ልጅ ይዛችሁ ኑ፤ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ሰሌዳዎቹን በሰው ቋንቋ ይጻፉ። በጥበቃ፣ በአትክልተኝነትና በጽዳት ላይ ካሉት ሠራተኞቻቸው መካከል ዛፍና ወፍ የሚያውቁትን ጠይቀው ይለዩ፤ እነዚያን ሰዎች ሥራቸው ይህ እንደሆነ በደብዳቤ ያሳውቋቸው፣ ለሥራውም ይክፈሏቸው።